መፃጉዕ ለምን ተጠየቀ?

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጉዕ ይባላል። በዚህ ሰንበት የሚነበበው ወንጌል ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአልጋው ሳይነሣ ስለ ኖረ በሽተኛ ይናገራል (ዮሐ. 5፡1-9)። ታሪኩን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ቤተ ሳይዳ የምትባል መጠመቂያ ነበረች፤ አምስት መመላለሻ ነበራት፤ በዚያም ዕውሩ፣ አንካሳው፣ ሰውነቱ የሰለለው ሁሉ ተኝቶ የውኃውን መናወጥ ይጠብቃል። ቀድሞ የገባ ይድናል፤ የዘገየ ለሌላ ጊዜ ይቀራል። ጌታችን ወደዚያ መጣና ብዙ ዘመን የቆየውን ሰው አየው። አየውና ዝም ብሎ አላዳነውም፤ መጀመሪያ መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ ጠየቀው።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በሽተኛ መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ ይጠየቃል እንዴ? ሌሊት ተነሥቶ ሐኪም ቤት ደጃፍ የተሰለፈን ሰው “መታከም ትፈልጋለህ?” ብንለው ያሾፍንበት ይመስለዋል። ደግሞስ የሰውን ልብ የሚመረምር አምላክ የዚህን ሰው ፈቃድ ሳያውቅ ቀርቶ ነው? አይደለም። እያወቀ ነው የጠየቀው። ታዲያ ለምን ጠየቀ?

ይህን ጥያቄ ይዘን ዓለማዊ ወደሚመስል ጉዳይ እንሂድ። ጾም ሲገባ ምጽዋት ይታሰበናል። ምጽዋት ደግሞ ዛሬ በደጀ ሰላም ከሚዘረጋው ሳንቲም አልፎ የውኃ ጉድጓድ፣ ትምህርት ቤት፣ የእናቶች ቁጠባና ብድር፣ የተራቆተ ተራራ ማልማት ሆኗል። አንዳንዱን መንግሥት ይሠራዋል፤ አንዳንዱን የውጭ ድርጅት፤ አንዳንዱን ሰበካ ጉባኤውና የጽዋ ማኅበሩ፤ አንዳንዱንም በአሜሪካና በዐረብ አገር ያሉ ልጆቻችን አዋጥተው ይልኩለታል። ሁሉም ድህነትን ለመቀነስ ነው። ጥያቄያችን እንግዲህ ይኸው ነው፤ ድሀን ለመርዳት የተነሣ ሰው ድሀውን መጠየቅ አለበት ወይ? ከጠየቀስ የሚጠይቀው ለጨዋነት ነው፣ ሥራው እንዲሳካለት ነው ወይስ ዕዳ ስላለበት?

የበሽተኛውን መልስ ልብ ብለን እንየው። አዎ፣ እፈልጋለሁ አላለም። ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፣ እሱ እየተንፏቀቀ እስኪደርስ ሌላው እንደሚቀድመው ነው የተናገረው። በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ሁሉ የሰውየው ችግር በሽታው ነው ብሎ ያልፍ ነበር። ልክ ነው፣ በሽታ ነው። ነገር ግን ያን ሁሉ ዘመን እዚያው ያስቀረው በሽታው ብቻ አልነበረም። የሚይዘው ሰው ማጣቱ ነበር፤ ጉልበት ያለው ጎረቤቱ ሁልጊዜ ቀድሞት መግባቱ ነበር። ይህን ከእሱ በቀር ማን ይናገረዋል? ምጽዋት የሚጥልለት ሰው ቢመጣ ምግብ ያመጣለት ይሆናል፤ ልብስ ያለብሰው ይሆናል። መጠመቂያው ዳር አብሮት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ አንድ ሰው እንደሚያስፈልገው ግን ሳይጠይቅ አያውቅም።

በገጠራችን የተዘዋወረ ሰው የሚከተለውን ሳያይ አይቀርም። በመንደሩ ዳር የእጅ ፓምፕ ቆሟል፤ የተመረቀበት ዓመት ሲሚንቶው ላይ ተጽፏል፤ ዙሪያው ታጥሯል፤ ፓምፑ ግን አይሠራም። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው በአጠገቡ ያልፉና ወደ ድሮው ወንዝ ይወርዳሉ። ምን ነካው ብትሉ “ጎማው አልቆ ነው” ይሏችኋል። ጎማው ስንት ያወጣል? ብዙም አያወጣ። ታዲያ ለምን አልተቀየረም? “የነሱ ነዋ፤ መጥተው ይሠሩታል።” እነሱ እነማን ናቸው? ሠርተው፣ አስመርቀው፣ ፎቶ ተነሥተው የሄዱት። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን። ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች የእጅ ፓምፖችን የቆጠሩ ባለሙያዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ሥራ አቁሞ መገኘቱን በ2001 ዓ.ም. ገደማ ጽፈዋል። ከሦስቱ አንዱ! የተቆፈረው ጉድጓድ፣ የፈሰሰው ገንዘብ፣ የደከመው ጉልበት ሁሉ ሲሶው ቆሞ የሚውል ነው ማለት ነው።

የጎማው ነገር ከላይ የሚታየው ነው። ሥሩ ሲቆፈር ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ የት ይቆፈር ተብሎ ከተወሰነበት ቀን ይጀምራል። ስብሰባው ላይ የተቀመጡት ወንዶች ነበሩ። ውኃ የሚቀዱት ግን ሴቶች ናቸው። ክረምት ሲሆን የትኛው መንገድ እንደሚጨቀይ፣ በጋ ሲሆን የትኛው ምንጭ እንደሚቀጥን፣ ማታ ማታ ልጃገረድ ብቻዋን የማትላክበት ገደል የትኛው እንደ ሆነ፣ እርጉዝ ሴት እንስራ ተሸክማ ልትወጣው የማትችለው ዳገት የቱ ጋ እንደሚጀምር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ መሐንዲስ የለም፤ ሊያውቅም አይጠበቅበትም። መጠየቅ ግን ይጠበቅበታል። መኪና የሚደርስበት ቦታ ስለ ሆነ ብቻ ከመንገድ ዳር የተቆፈረ ጉድጓድ ለእንግዳ ይመቻል፤ ለባለቤቷ ግን ሩቅ ነው።

እስካሁን ያነሣነው አንድ ምክንያት ነው፤ ስለማናውቅ እንጠይቃለን። ይህ ጥሩ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ ካቆምን የመፃጉዕ ታሪክ አይፈታልንም። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ ጠይቋልና። ስለዚህ መጠየቅ መረጃ ከመሰብሰብ የበለጠ ነገር መሆን አለበት። እግዚአብሔር ሰውን ሲፈጥረው ፈቃድ ሰጥቶ ፈጠረው። ሊያድነው ሲመጣም ያን የሰጠውን ፈቃድ ረግጦ አላለፈም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ሲያነሣው ሲጥለው፣ ሲራመድበት፣ ሲያዝንለት፣ ሲጸየፈው የኖረን ሰው ስለ ራሱ ምን እንደሚፈልግ የጠየቀው ማን ነበር? ፈውሱ የጀመረው እግሩ ሲጸና አይደለም፤ አፉ ሲከፈት ነው ብንል ያስኬዳል። ሰው ሆኖ ተቆጠረ፣ ከዚያ በኋላ ተነሣ።

እንግዲህ በዚህ መንገድ ካየነው ድሀውን መጠየቅ ከምጽዋቱ በፊት የሚቀድም ሥነ ሥርዓት ሳይሆን የምጽዋቱ አንድ ክፍል ነው። ገንዘቡን ሰጥተን ጥያቄውን ከነፈግነው ምጽዋቱ ጎዶሎ ነው። ከባድ ነገር ነው የተናገርነው፤ በታሪካችን ላይ አድርገን እንፈትነው።

ከ1966ቱ የወሎ ረሀብ በኋላ፣ ይልቁንም በ1970ዎቹ ዓመታት፣ በደጋው አገራችን የአፈር ጥበቃ ሥራ በሰፊው ተሠርቶ ነበር። እርከን ተሠራ፤ ተራራ ተከለለ፤ ችግኝ ተተከለ። በአብዛኛው የሚሠራው በምግብ ለሥራ ነው፤ ገበሬው በገበሬ ማኅበሩ በኩል ይታዘዛል፤ ይወጣል፤ በሠራበት ቀን ልክ ስንዴና ዘይት ይሰፈርለታል። ስንዴው በዚያ የረሀብ ዘመን ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የቱ ተራራ እንደሚከለል፣ ምን ዓይነት ዛፍ እንደሚተከል፣ ዛፉ ሲያድግ ማን እንደሚቆርጠው፣ ከብቱ የት ሄዶ እንደሚግጥ ገበሬው የሚወስነው አልነበረም። 1983 ዓ.ም. መጣ። መንግሥት ሲወድቅ በየቦታው ያ የወል ደን በጥቂት ወራት ተጨፈጨፈ፤ ብዙ እርከንም ፈረሰ። የተከለው እጅ ራሱ ነው የቆረጠው።

ገበሬውን እንውቀሰው? አንዳንዶች ይወቅሱታል፤ “ሕዝቡ አልገባውም” ይላሉ። በእርግጥ ከጥፋቱ ድርሻ አለው፤ የልጁን አፈር ነው ያስጠረገው። ሆኖም የዚያ ገበሬ ዛፍ እኮ በዓይኑ የመንግሥት ዛፍ ነበር። ስንዴውን ለጉልበቱ ተቀብሏል፤ ሒሳቡ ተዘግቷል። ዛፉ የእሱ ነው ያለው ሰው አልነበረም፤ ቢልም ያላመነው ይመስላል። የራሱን ባሕር ዛፍ ግን በጓሮው ተንከባክቦ ያሳድግ ነበር፤ ያንን አላወደመውም። ስለ ዛፍ ጥቅም ያልገባው ሰው ጓሮው ውስጥ ዛፍ አይተክልም።

አሁን ደግሞ ወደ ኮንሶ እንሻገር። በኮንሶ ያለው የድንጋይ እርከን ከአራት መቶ ዓመት በላይ፣ በሃያ አንድ ትውልድ ቅብብል የተሠራ ነው፤ ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አንዳንድ ቦታ የእርከኑ ግድግዳ እስከ አምስት ሜትር ይደርሳል። ያን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያነባበረውን ሕዝብ ማንም ስንዴ እየሰፈረ አላሠራውም። እርከኑ ሲናድ ባለማሳው ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ ይጠግናል፤ ምክንያቱም የላይኛው ሲናድ የታችኛውን ይዞ ይወርዳል። እንዴት ይሠራ፣ ማን ይሥራ፣ መቼ ይሠራ የሚለውን የወሰኑት በላዩ የሚኖሩት ሰዎች ናቸው። አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ አንድ ዓይነት እርከን፤ አንዱ በአሥር ዓመት ሲፈርስ አንዱ አራት መቶ ዓመት ቆመ።

“እሱ የጥንት ነው፤ በእኛ ዘመን አይሆንም” የሚል ካለ በትግራይ በክልተ አውላዕሎ የምትገኘውን አብርሃ ወአጽብሃን ያስታውስ። ስሟ የተወሰደው በዚያ ካለው ከዐለት ከተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ነው። አካባቢው በድርቅ ተጎድቶ ነዋሪውን ወደ ሌላ ቦታ ማስፈር እስከ መታሰብ ደርሶ ነበር። ሕዝቡ ግን አገሩን ለቅቆ ከመሄድ ተራራውን መከለል መረጠ፤ ክትር ሠራ፤ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ልቅ ግጦሽ ከለከለ። ሕጉን የደነገጉት ራሳቸው ስለ ነበሩ የሚያፈርሰውንም የሚቀጡት ራሳቸው ነበሩ። ከጊዜ በኋላ የምድር ውኃው ከፍ አለ፤ በእጅ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውኃ እየተቀዳ አትክልትና ፍራፍሬ ለማ። በ2004 ዓ.ም. ኢኳተር ፕራይዝ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ከዚያ በኋላ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም.፣ በትግራይ የሆነውን ጦርነትና መከራ ሁላችን እናውቃለን፤ ስንት የለማ ነገር እንደ ጠፋ ያየ ያውቀዋል። ጦርነት ስንት ዓመት የተለፋበትን በስንት ቀን እንደሚበላ ለማንም አይነገርም።

እዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ይነሣል፤ ሁለቱም ቀላል አይደሉም። አንደኛው፣ የተራበ ሰው ስብሰባ አይፈልግም፣ እንጀራ ነው የሚፈልገው የሚል ነው። እውነት ነው። ለሞት የቀረበን ሕፃን እናት ሰብስቦ አስተያየት መጠየቅ ኃጢአት ነው፤ መጀመሪያ ይብላ። ነገር ግን ጌታ በምድረ በዳ ያን ሁሉ ሕዝብ ሲመግብ እንኳ ከሰማይ መና አላወረደም፤ በመካከላቸው ምን እንዳለ አስጠየቀ። አንድ ብላቴና አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ ይዞ ተገኘ (ዮሐ. 6፡9)። ተአምሩ ከዚያ ተነሣ። የብላቴናው ስንቅ ባይኖርም ማብላት ይቻለው ነበር፤ ግን ከእነሱ ካለው ጀመረ።

ሁለተኛው መቃወሚያ፣ “ሕዝቡን ብትጠይቀው የማይጠቅመውን ይመርጣል፤ ብትረዳውም አያመሰግንህም” የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ሠርተው የደከሙ፣ ልባቸው የቆሰለ ሰዎች ናቸውና አንናቃቸው። የምርጫውን ነገር በተመለከተ ባለሙያ ዝም ይበል አላልንም፤ ውኃው ንጹሕ መሆኑን የሚመረምረው ባለሙያው ነው፤ የሚያውቀውን ተናግሮ አብሮ ይወስን እንጂ። ስለ ምስጋናው ግን አበው ስለ መፃጉዕ የሚተርኩትን እናስታውስ። ጌታ በተያዘባት ሌሊት በሊቀ ካህናቱ ፊት ፊቱን በጥፊ የመታው ይኸው ያዳነው ሰው ነው ይላሉ። ጌታ ይህንንም ያውቅ ነበር። የሚመታውን እጅ እያወቀ መዳን ትፈልጋለህ ወይ አለው። እንግዲህ የሚጠየቀው ሰው ስለሚያመሰግን ከሆነ መጠየቃችን ንግድ ሆነ ማለት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ የመጀመሪያው የድሆች መርሐ ግብር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ይገኛል። በኢየሩሳሌም ለመበለቶች በየዕለቱ ምግብ ይታደል ነበር። ከግሪክ አገር ቋንቋ ተናጋሪዎች ወገን የሆኑት፣ መበለቶቻችን ተዘለሉብን ብለው አንጐራጐሩ። ሐዋርያት ምን ያደርጋሉ? ጴጥሮስም ዮሐንስም እዚያ አሉ፤ መንፈስ ቅዱስ ያደረባቸው ናቸው፤ ራሳቸው ሰባት ሰው መርጠው መሾም አያቅታቸውም። እነሱ ግን ሕዝቡን ጠሩና ሰባት ሰው እናንተው ምረጡ አሏቸው። የተመረጡትን ስም ደግሞ አንብቡ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ነው! ይህ ነገር ብዙዎቻችንን ያልፈናል። ሕዝቡ የመረጠው ከተበደለው ወገን ይመስላል። የእንጀራው ቁልፍ ለአንጐራጐሩት ተሰጠ። “አንጐራጓሪ ናቸው፣ ዝም ይበሉ” የሚል ድምፅ አልተሰማም። እኛ ዛሬ የምናከብረው ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ መጀመሪያ የተሾመው ለማዕድ ነበር።

አሁን ተሳትፎ ስለሚባለው ነገር ትንሽ እንናገር፤ ምክንያቱም ስሙ ጥሩ ሆኖ ውስጡ ባዶ የሆነ ብዙ አለ። ዕቅዱ ሌላ ቦታ ያልቃል። ከዚያ ሕዝቡ ይጠራል። ንግግር ይደረጋል፤ “ጥያቄ ያለው?” ይባላል፤ ዝምታ ይሆናል፤ “ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል” ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ከዚያ የጉልበት ቀን ይደለደላል፤ ያልወጣ ይቀጣል። በሪፖርቱ ላይ ሕዝቡ ይህን ያህል ብር የሚገመት ተሳትፎ አደረገ ይባላል። ወገኖቼ፣ ድንጋይ መሸከምማ የፈርዖንም ሠራተኞች ተሸክመዋል። ጉልበትን ብቻ ወስዶ ሐሳብን የተወ ሰው፣ ከሰውየው እጁን ፈልጎ ጭንቅላቱን ጥሎታል።

አያቶቻችን ይህን ልዩነት በቃል ሳይሆን በኑሮ ያውቁት ነበር። ደቦ ሲጠራ ጠሪው ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ፣ ሰው ልኮ፣ ለምኖ ነው የሚጠራው። ወንፈል ደግሞ ዛሬ ለአንተ ነገ ለእኔ ነው፤ ያልመለሰ ሰው ይታወቃል። ዕድር ሲቋቋም መተዳደሪያው በአባላቱ ይነበባል፣ ይከራከሩበታል፣ ዳኛውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ የዕድር ድንኳን ጠፋ ሲባል የሰማችሁት ስንት ጊዜ ነው? በ1990ዎቹ ዓመታት ኤች አይ ቪ ቤት ሲያፈርስ ቀብር ብቻ ያስፈጽሙ የነበሩ ዕድሮች በሽተኛ መጠየቅ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ የጀመሩት በዚህ ነው። ቁጭ ብለው ተነጋግረው፣ ሟች ከመቅበር በሽተኛ ማዳን ይሻላል አሉ። ልማት የሚባለው ቃል ከመስፋፋቱ በፊት የነበረውን ነገር ትተን በወረቀት የተጻፈ ተሳትፎ ፍለጋ መድከማችን ትንሽ ያሳዝናል።

ይህም ሲባል ሕዝብ ራሱ ሲወስን ሁልጊዜ ጽድቅ ይሠራል ማለት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን የሴፍቲኔት መርሐ ግብር እንውሰድ። የምግብ ዋስትና የሌላቸው ቤተሰቦች በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፉና ምግብ ወይም ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ሥራ መሥራት የማይችለው አዛውንትና በሽተኛ ያለ ሥራ ይረዳል። ማን ይታቀፍ የሚለውን በመለየት የየአካባቢው ሰው ድርሻ አለው፤ ኮሚቴ ይመረጣል፤ ስሙ በሕዝብ ፊት ይነበባል። ጥሩ ነው፤ የጎረቤቱን ጓዳ የሚያውቅ ጎረቤት ነው። ግን ምን ያህል ፈተና እንዳለው አስቡ። ቦታው ለሃምሳ ቤት ነው፤ ድሀው ሰማንያ ቤት ነው እንበል። በኮሚቴው የተቀመጠው ሰው ባላንጣው የሆነች መበለት ስም ሲነበብ እጁን ያነሣል ወይስ ዝም ይላል? የአማቹ ስም ሲነበብስ? ማንም አይጠይቀውም፤ ቃለ ጉባኤው ላይም አይጻፍም። ሰባቱ ዲያቆናት ሲመረጡ ጥበብ ብቻ ሳይሆን መልካም ምስክርነት የተፈለገው ለዚህ ነው። ጾማችን ከሥጋና ከወተት መከልከል ብቻ ሆኖ በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ምላሳችንና እጃችን ካልጾመ፣ ስንቀድስ ያደርን ሰዎች መበለቷን ሳንቀብራት እንቀብራታለን።

የድሀውስ ድርሻ? ጌታ ሰውየውን ከጠየቀው በኋላ ተነሥቶ አልጋውን እንዲሸከም አዘዘው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተሸከመችውን አልጋ አሁን እሱ ይሸከማታል። ለምን እዚያው ጥሏት አልሄደም? አልጋዋን ትቶ ቢሄድ የተመለሰ ቀን ይተኛባት ነበር የሚሉ መምህራን አሉ። የተጠየቀ ሰው መልስ አለበት፤ የተነሣ ሰው ሸክም አለበት። ስብሰባ ተጠርቶ “ከእኔ ምን ይጠበቃል፣ እነሱ ያውቃሉ” ብሎ የሚቀር፣ ለፓምፑ ጎማ የወር መዋጮ ሲጠየቅ የሚሸሽ፣ የተሠራለትን አጥር ነቅሎ ማገዶ የሚያደርግ ድሀ አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የገብር ኄር ወንጌል ሲነበብ መክሊቱን የቀበረው ሰው አንድ መክሊት ብቻ እንደ ነበረው እንሰማለን (ማቴ. 25፡14-30)። ብዙ የተቀበለው አይደለም የቀበረው፤ ትንሽ ያለው ነው። ትንሽነቱ ከተጠያቂነት አላዳነውም። በሌላ በኩል ግን ሒሳብ የተጠየቀው መክሊት ስለ ተሰጠው መሆኑን አንርሳ። ምንም ያልተሰጠውን፣ አንድም ቀን ሐሳቡን ያልተጠየቀውን ድሀ ሰነፍ ነው ብለን መክሰስ አይቀናንም።

ወደ ደጃችን እንመለስና እንጨርስ። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ አብያተ ክርስቲያናት በደን ተከበው ይገኛሉ፤ አብዛኞቹ ደኖች ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም። በዙሪያቸው ያለው መሬት ታርሶ አልቆ በየኮረብታው የቀረው አረንጓዴ ይኸው ነው። ደኑን የሚያሳሳው በብዛት መጥረቢያ አይደለም፤ ከብት ነው። ገብቶ ችግኙን ይረግጣል፣ ይግጣል፤ ትልልቁ ዛፍ ሲያረጅ የሚተካው የለም። በአገር ልጅነታቸው ይህን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አብረዋቸው የሠሩት ባለሙያዎች ለካህናቱና ለምእመናኑ ሁኔታውን አሳይተው የተነጋገሩበት መፍትሔ የድንጋይ አጥር ነው። አጥር አዲስ ነገር አይደለም፤ ከድሮም የታጠሩ አድባራት ነበሩ። ድንጋዩም ከሩቅ አይመጣም፤ ገበሬው ማረሻውን ሲሰብርበት ከኖረው ማሳ ይለቀማል። ማሳው ይጠራል፤ አጥሩም ይቆማል፤ ከብቱ ውጪ ይቀራል፤ ከውስጥ የወይራውና የጽዱ ችግኝ ብቅ ይላል።

በአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ሥራ ታስቦ ከሆነ ከገንዘቡ በፊት የሚመጡ ጥያቄዎች አሉ። አጥሩ የዛፎቹን ሥር ተጠግቶ ይለፍ ወይስ ለሚበቅለው ቦታ ትቶ ራቅ ይበል? ራቅ ካለ የማን ማሳ ይነካል፣ ባለማሳውስ ምን ያገኛል? ከብቱ እዚያ መግባቱ ከቀረ በጋ ላይ ወዴት ይነዳል? እረኞቹ ልጆች በጥላው ሥር ይውሉ ነበር፤ እነሱስ? በሩ በየት በኩል ይከፈት፣ ለጠበል የሚመጡት አረጋውያን የትኛውን ዳገት ይችሉታል? ይህን የሚያውቁት ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ቤት ጥግ ተቀምጠው ዳቦ የሚቆርሱት ናቸው።

ይቆየን።